ወንጌልን በወዳጅነት ማካፈል፦ ከየት ይጀመራል? የት ላይስ ይበላሻል?

ጥያቄ_አለኝ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለቤት ኅብረት መሪዎች የሚሆን አጭር የስልጠና ጽሑፍ እየተዘጋጀ ስለሆነ የምታውቁትን አዋጡ። ርዕሱ ከማያምን ሰው ጋር ጥልቅ ወዳጅነት እየመሠረቱ እምነትን ማካፈል ነው። «ውደዱ፣ ጸልዩ፣ ጌታ በሩን ይከፍታል» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እባካችሁ ከዚያ ወረድ በሉልኝ። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው? ስንት ጊዜ ይፈጃል? አማኝ መሆናችንን መቼ እንናገር? የትኛው አነጋገር ሰው ያስበረግጋል? መጽሐፍ ቅዱስ አብሮ ማንበብ እንዴት ይጀመራል? «አልፈልግም» ሲባልስ?

ጨው_በልክ ጻፈ፦

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ብዙው የስልጠና ጽሑፍ የሚዘለው እሱን ነው።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የተዋወቅነው ሰው ተራ ጓደኛ እስኪሆን ወደ 50 ሰዓት፣ ደህና ጓደኛ እስኪባል ወደ 90 ሰዓት፣ የልብ ወዳጅ እስኪሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ መዋል እንደሚፈልግ አሳይቷል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚያልፈው ሰዓት እንደ ትርፍ ጊዜው እኩል አይቆጠርም። አሁን አስሉት። በሳምንት 2 ሰዓት ብትሰጡ 50 ሰዓት 25 ሳምንት ነው። 200 ሰዓት ደግሞ 100 ሳምንት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። እንግዲህ በስድስተኛው ሳምንት «ፍሬ የለም» ብሎ የሚያዝን ሰው ገና ትውውቅ ላይ ነው ያለው።

ከዚህ የሚከተለው፦ «የዐሥር ሰው ስም ጻፉና ሂዱባቸው» የሚለው መልመጃ ለጸሎት ይሆናል እንጂ ለወዳጅነት አይሆንም። ዐሥር ሰው በሁለት ሰዓት ሲባዛ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ ይሄ በየሥራ ቀኑ ግማሽ ቀን እንደ መሥራት ነው። ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰው ይበቃል። ስልጠናችሁ ላይ «ከሦስት በላይ አትጻፉ» ብላችሁ ከልክሉ።

ማንን? ቀጠሮ ሳትይዙ የምታገኙትን። አዲስ ሰው ከማደን ቀድሞ በሕይወታችሁ ያለውን ማየት ይሻላል። በሐዲስ ኪዳን ግሪክ «ኦይኮስ» የሚለው ቃል ቤትንም ቤተ ሰውንም ይይዛል፤ ሊድያም ወኅኒ ጠባቂውም የተጠመቁት ከቤተ ሰዎቻቸው ጋር ነው (ሐዋ 16)። እንድርያስ መጀመሪያ ያገኘው ወንድሙን ነው፤ ሌዊ ግብዣ ያደረገው ለሥራ ባልደረቦቹ፣ ለቀራጮቹ ነው።

ኒቆዲሞስ_በሌሊት ጻፈ፦

ይቅርታ፣ እኔን ይሄ ነገር ሁሌም ይቆረቁረኛል። ሰዓት ቆጥሮ፣ ሰው መርጦ፣ «የልብ ወዳጅ» እስኪሆን ጠብቆ ከዚያ ወንጌል ማቅረብ ከሽያጭ በምን ይለያል? ያ ሰው እንደ ፕሮጀክት መያዙን ቢያውቅ ምን ይሰማዋል?

የጉድጓድ_ዳር ጻፈች፦

ኒቆዲሞስ፣ ጥያቄህ ልክ ነው፤ እንዲያውም ስልጠናው በእሱ ቢጀምር ጥሩ ነበር። ወዳጅነትን ወደ ወጥመድ የሚቀይሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም መፍትሔ አላቸው።

አንደኛው መደበቅ ነው። አማኝ መሆንህን ስምንት ወር ሸሽገህ አንድ ቀን ስትዘረግፈው፣ ጓደኛህ ያለፈውን ሁሉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። «ያኔ ያ ሁሉ ማዳመጥ ለካ ለዚህ ነበር!» ይላል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ግንኙነቶች ውስጥ ይታወቅ፤ ግን እንደ አዋጅ ሳይሆን እንደ ማንኛውም የኑሮ ዝርዝር። «እሁድ እንዴት ዋለ?» ሲልህ «ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ተኛሁ» በቃ። ከዚያ ወደ እሱ እሁድ ተመለስ። ሌላ ማብራሪያ አትጨምር። ሰውዬው መረጃውን አግኝቷል፤ መቼ እንደሚያነሣው ራሱ ይወስናል።

ሁለተኛው የአንድ ወገን ሰጪነት ነው። ሁሌ አንተ ረጂ፣ እሱ ተረጂ ከሆነ ባለውለታነት እንጂ ወዳጅነት አይባልም፤ ባለዕዳ ሰው ደግሞ «አይ» ለማለት ነፃነት የለውም። ዮሐንስ 4 ላይ የመጀመሪያውን ቃል ልብ በሉት፤ «ውኃ አጠጪኝ»። ለማኙ ኢየሱስ ነው። መቅጃ እንኳ እንዳልነበረው ሴትየዋ ራሷ ነግራዋለች። ስለዚህ ምክር ጠይቁ፣ ዕቃ ተዋሱ፣ እሱ የሚችለውን ሥራ እንዲያስተምራችሁ ለምኑ። በየወሩ መጨረሻ ራሳችሁን ጠይቁ፦ በዚህ ወር እሱ ለእኔ ምን አደረገልኝ? መልሱ «ምንም» ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል።

ሰዓት መቁጠሩን በተመለከተ፣ ጨው_በልክ የቆጠረው ወዳጁን ሳይሆን የራሱን ትዕግሥት ይመስለኛል።

ጨው_በልክ ጻፈ፦

በትክክል። የሚጣደፈውን ለማረጋጋት ነው እንጂ 200 ሲሞላ ደወል አይደወልም 🙂

በርናባስ_ሁለተኛው ጻፈ፦

ልጆቼ፣ ስለ ማዳመጥ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የጀመረው ኤልፋዝ ምዕራፍ 4 ላይ አፉን ሲከፍት ነው። ሰው ችግሩን ሲነግራችሁ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ሦስት ነገር አታድርጉ፦ ጥቅስ አትጥቀሱ፣ «እኔም እንደዚህ ደርሶብኝ» አትበሉ፣ መፍትሔ አታምጡ። ጥያቄ ብቻ። «ከዚያስ?» «አንተን የከበደህ የቱ ነው?» «ለማን ነገርከው?» ሦስተኛዋ ብዙ ትገልጣለች፤ «ለማንም» ካለ ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞት ነበር ማለት ነው።

ወዳጅህ «እናቴ ታማለች» አለህ እንበል። አዳመጥክ። መጨረሻ ላይ «አሁን እዚሁ አጠር አድርጌ ብጸልይላት ቅር ይልሃል?» ብለህ ጠይቅ። ጥያቄው እውነተኛ ይሁን፤ «ቅር ይለኛል» ማለት የሚችልበት ድምፅ ይኑረው። እሺ ካለ ከግማሽ ደቂቃ አትለፍ። የእናቱን ስም ጥራ፣ ሕመሙን ጥቀስ፣ እሱ ምን እንደሚፈልግ ተናገር፣ አሜን። ድምፅህን አትቀይር። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው ጸሎቱ ውስጥ ስብከት ሸሽጎ ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ ይህ ወንድም አንተን ሳያውቅ እንዳይቀር…» ከተባለ እግዚአብሔርን እያናገርክ ሳይሆን ሰውየውን በተዘዋዋሪ እየነካካኸው ነው። እሱም ያውቀዋል።

ከዚያ ደግሞ የሚረሳው ነገር፦ በሦስተኛው ቀን ደውለህ «እናትህ እንዴት ዋሉ? ምርመራው ምን አለ?» በል። ይህን ለማስታወስ ስልክህ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፍ። «እጸልያለሁ» ብሎ ጠፍቶ ከመክረም ጨርሶ አለማለት ይሻላል።

ጨው_በልክ ጻፈ፦

ጋሽ በርናባስ ባሉት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጓደኛችሁ የነገራችሁን ምስጢር ወስዳችሁ ኅብረት ላይ «የጸሎት ርዕስ» አድርጋችሁ አትዘርጉት። «ስሙን አልጠራም፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሚስቱ ጋር…» ተብሎ የሚጀምር ጸሎት ሐሜት ነው። ከተሰበሰበው ሰው ውስጥ አንዱ ያውቀዋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሳታስፈቅድ ስምም ሆነ ሊታወቅ የሚችል ዝርዝር አይነገርም። «ለአንድ ወዳጄ ጸልዩ» ይበቃል። እግዚአብሔር አድራሻ አይጠፋውም።

ሩት_ቃርሚያ ጻፈች፦

የቃላቱን ጉዳይ እኔ ልውሰድ። የእኛ ሰው እርስ በርሱ የሚነጋገርበት ቋንቋ ለውጭ ሰው የተዘጋ መሆኑን አናስተውልም። ምሳሌ፦

«ዳንኩ» ስትሉ የማያውቀው ሰው «ከምን በሽታ?» ነው የሚለው። ከምን እንደዳናችሁ ጨምሩ፤ ከጥፋተኝነት፣ ከሞት ፍርሃት፣ ራስን ከማጽደቅ።

«ጌታ ተናገረኝ» ለሰሚው ያስፈራል፤ ድምፅ ሰምቶ ነው? «ስጸልይበት ከርሜ እንዲህ ማድረግ እንዳለብኝ እርግጠኛ ሆንኩ» ብትሉ ያንኑ ነገር ተናግራችኋል።

«ዓለም ውስጥ ሳለሁ» አትበሉ። ወዳጃችሁ አሁን ያለው እዚያው «ዓለም» ውስጥ ነው፤ እሱን እየሰደባችሁ ነው። «ዓለማዊ» እና «ያልዳነ» የሚሉትም ያው ናቸው።

«በደሙ ታጠብኩ» እውነት ነው፣ ግን ዕብራውያንን ላላነበበ ሰው የሚዘገንን ሥዕል ነው። መሥዋዕት ምን ማለት እንደሆነ ሳይብራራ አይነሣ።

«ተባረክ» በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ። ተዉት፣ ያሰለቻል።

አሁን ምስክርነት። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ጳውሎስ በአግሪጳ ፊት የተናገረው (ሐዋ 26) ጥሩ አጥንት አለው፦ የቀድሞ ኑሮው ከቁጥር 4 እስከ 11፣ ከክርስቶስ ጋር መገናኘቱ ከ12 እስከ 18፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ከ19 እስከ 23። ስልጠናችሁ ላይ ሰዉ ይጻፈው፣ ከዚያ ስልክ ላይ ይቅዳና ራሱን ያዳምጥ። አዘውትረው የሚታዩት ስህተቶች፦ «በፊት» የሚለው ክፍል ሁለት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል (ኃጢአትን መተረክ ይጣፍጣል መሰለኝ)፣ የኢየሱስ ስም መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ብቅ ይላል፣ «ከዚያ በኋላ» የሚለው ደግሞ ችግር የሌለበት ገነት ይሆናል። አሁንም የሚታገላችሁን አንድ ነገር በስሙ ጥሩ፤ ሰሚው የሚያምናችሁ በእሱ ነው። ልጅ ሆኖ ያመነ ሰው ደግሞ ድራማ አይፍጠር፤ «በፊት» ከሌለው «ያለ ክርስቶስ ቢሆን ዛሬ ምን ላይ ነበርኩ» የሚለውን ይንገር።

እና እባካችሁ በጅምላ ጥቅስ አትላኩ። ለ40 ሰው የተላከ ፎርዋርድ ለማንም አልተላከም። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ የስብከት ድምፅ ልኮ «ሰማኸው?» ብሎ መጨቅጨቅማ ሌላ መቅሰፍት ነው።

ዝምታ_ይሻላል ጻፈ፦

ለምን ይህን ሁሉ ታወሳስቡታላችሁ? በሕይወት መስበክ ነው እንጂ። ፍራንሲስኮስ ዘአሲሲ «ወንጌልን ስበኩ፣ ካስፈለገም በቃል» ብሏል። አበቃ።

በርናባስ_ሁለተኛው ጻፈ፦

ልጄ፣ ያ አባባል በፍራንሲስኮስ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም። በ1221 እ.ኤ.አ. ለመነኮሳቱ በጻፈው ደንብ ወንድሞች ሁሉ በሥራቸው ይስበኩ የሚል ነገር አለ፤ እሱ ራሱ ግን በየአደባባዩ በቃል የሰበከ ሰው ነበር። ደግ ኑሮ ብቻውን ሲታይ ተመልካቹ «ጥሩ ሰው ነው» ብሎ ያልፋል፤ ምስጋናው ለአንተ ይደርሳል። ስለ ማን ብለህ እንዲህ እንደምትኖር ካልነገርከው ከየት ያውቀዋል? ሮሜ 10፥14 የጠየቀው ይህንኑ ነው። 1 ጴጥሮስ 3፥15 ደግሞ ሁለቱን ያገናኛል፤ ሰው የሚጠይቀው ባየው ተስፋ ነው፣ የሚመለስለት ግን በቃል ነው፣ ያውም በየዋህነት።

የዚህ መንገድ ትልቁ በሽታ እኮ ጥድፊያ ብቻ አይደለም፤ ዘላለማዊ ዝግጅትም ነው። «ገና ነው፣ ወዳጅነቱ ይጠንክር» እየተባለ አምስት ዓመት ያልፍና ያኔ ማንሣቱ ራሱ ያሳፍራል።

ኒቆዲሞስ_በሌሊት ጻፈ፦

እሺ፣ ስለዚህ መቼ ነው ተነሥቶ የሚነገረው? «ጊዜው ሲደርስ» አትበሉኝ።

የጉድጓድ_ዳር ጻፈች፦

አይባልም። ሦስት ምልክት ጠብቅ፤ አንዱ ይበቃል። ስለ እምነትህ በራሱ ሲጠይቅ፤ ከዚህ በፊት ያልነገረህን ከባድ ነገር ሲነግርህ፤ ወይም ሕይወቱ ሲናወጥ፣ ለምሳሌ ሐዘን፣ ልጅ መውለድ፣ ከሥራ መውጣት። ሦስተኛው ላይ ተጠንቀቅ፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው እሺ የሚለው ብቻውን እንዳይቀር ብሎ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መገኘት ብቻ፣ ንግግሩ በኋላ።

ምልክቱ ሲታይ ፈቃድ ጠይቅ። «እኔን ያቆመኝ ነገር ምን እንደሆነ አንድ ቀን ልነግርህ እፈልጋለሁ፤ ትሰማኛለህ?» ይህ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «አሁኑኑ ንገረኝ» ነው፤ ያኔ የሩትን ሦስት ደቂቃ ታወጣለህ። ከዚያ ዝም። አፍህን ለመክፈት አትቸኩል፤ የአንድ ደቂቃ ጸጥታ አይገድልም።

ቀጣዩ ደረጃ አብሮ ማንበብ ነው። የማስተማሪያ ደብተር አትጀምር፤ ወንጌል ራሱን ይናገር። ማርቆስን የምመርጠው 16 ምዕራፍ ብቻ ስለሆነና ትረካው ስለሚሮጥ ነው። ሁሉን ለማንበብ ግን አትሞክር። ስድስት ጊዜ መገናኘት፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፦

ማር 2፥1–12 ሽባው
ማር 4፥35–41 ማዕበሉ
ማር 5፥21–43 የኢያኢሮስ ልጅና ደም የሚፈስሳት ሴት
ማር 10፥17–31 ባለጠጋው
ማር 15፥21–39 ስቅለቱ
ማር 16፥1–8 ባዶው መቃብር

ግብዣው ገደብ ይኑረው። «መጽሐፍ ቅዱስ እናጥና» ካልከው መጨረሻ የሌለው ነገር መስሎት ይሸሻል። «ስድስት ጊዜ እንገናኝ፣ ከሁለተኛው በኋላ ካልተመቸህ እናቆማለን» ካልከው መውጫውን ያየዋል፤ መውጫ ያየ ሰው ለመግባት አይፈራም።

ክፍሉን በወረቀት አትምና አምጣ። ትልቁን መጽሐፍ ዘርግተህ «ማርቆስ ሁለት አውጣ» ስትለው የት እንዳለ አያውቅም፤ አንተ በሰከንድ ስታገኘው እሱ ያፍራል። ትርጉምም ምረጥ። የ1954ቱ ትርጉም ያደግንበት ነው፣ ውብ ነው፤ ለጀማሪ ግን «እኔ እልሃለሁ» እና «ዘንድ» የሚበዛበት ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይነበባል። አዲሱ መደበኛ ትርጉም ለዚህ ይቀላል።

አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ይነበብ፤ ማንበብ የሚከብደው ከሆነ አንተው አንብብ። ከዚያ አራት ጥያቄ፦ ምን ገረመህ? ምን አልገባህም ወይም አልተዋጠልህም? ኢየሱስ እዚህ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይሄ እውነት ቢሆን ለአንተ ምን ይለወጣል? አራተኛው ከሦስተኛው ሳምንት በፊት አይጠየቅ።

ምን ያበላሻል? አማኙ ሲያወራ። ከ45 ደቂቃ ከ15 በላይ የአንተ ድምፅ ከተሰማ ስብከት ሆኗል። ሁለተኛው መዝለል ነው፤ ሽባው ላይ እያላችሁ «ይሄ እኮ ኢሳይያስ 53 ላይ…» ብለህ ትወስደዋለህ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ነገር እሱ ማየት አይችልም። ሦስተኛው ሌላ አማኝ ጨምሮ መምጣት፤ ሁለት ለአንድ ከሆነ ፍርድ ቤት ይመስላል። መጨመር ካለበት እሱ የራሱን ጓደኛ ይጨምር።

ጥያቄ_አለኝ ጻፈ፦

እግዜር ይስጥሽ! ሽባው ላይ ሰው ምን ይላል? አንዱን ቀረብ አድርገሽ አሳዪኝ፤ መሪዎቹ ልምምድ እንዲያደርጉበት።

የጉድጓድ_ዳር ጻፈች፦

እሺ። አራት ሰዎች ጣራ ነድለው ሽባውን ያወርዳሉ፤ ኢየሱስ «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ይላል። ብዙ ጊዜ ከአዲስ አንባቢ የሚመጣው ነገር፦ «እንዴ፣ የመጣው ለእግሩ አይደል እንዴ?» ነው። እዚህ ላይ መልስ አትስጡ! ጸሐፊው ራሱ ያንን መደናገር ሆን ብሎ ነው የተወው። «አዎ፣ ለምን ይመስልሃል በዚህ የጀመረው?» ብላችሁ መልሱት። ምናልባት «እግሩ የታሰረው በጥፋቱ ነው ብሎ ይሆናል» ይላል፤ ተዉት፣ «ጽሑፉ ውስጥ እንዲህ የሚል አለ?» ብላችሁ ወደ ወረቀቱ መልሱት። ከዚያ ቁጥር 7 ላይ ጻፎች የጠየቁትን ያገኛል፤ ኃጢአትን ከእግዚአብሔር በቀር ማን ሊያስተሰርይ ይችላል? እዚህ ሲደርስ የወንጌሉን ማዕከላዊ ጥያቄ ራሱ ጠየቀ፤ እናንተ ምንም አልተናገራችሁም። ሰዓቱ ቢያልቅ መልሱን ሳትሰጡ ጨርሱ። ጥያቄ ይዞ ወደ ቤቱ መሄዱ ችግር የለውም።

ሩት_ቃርሚያ ጻፈች፦

መልስ የማትችሉት ጥያቄ ሲመጣስ? «አላውቅም፤ አንብቤ እስከ ሐሙስ እነግርሃለሁ» በሉ፣ ሐሙስ ደግሞ ንገሩት። ቀኑ ነው ዋናው። ያለ ቀን «አላውቅም» መሸሽ ነው። ደግሞ ጥያቄ ሁሉ የአእምሮ አይደለም። «እግዚአብሔር ካለ ሕፃናት ለምን ይሞታሉ?» ያለህ ሰው ክርክር ይፈልጋል ወይስ የቀበረው ልጅ አለ? ሳትመልስ «ይህ ጥያቄ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለህ?» በለው። መልሱ የትኛው እንደሆነ ይነግርሃል።

አወያይ ጻፈ፦

ውይይቱ ጥሩ እየሄደ ነው። ስልጠናው ላይ እንዳይቀር አንድ ክፍል ስለ ገደብ ይጨመርበት።

አለቃ ከበታች ሠራተኛ ጋር፣ መምህር ከተማሪ፣ ሐኪም ከታካሚ ጋር ሲሆን ኃይሉ እኩል አይደለም፤ «ትሰማኛለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ሰው እምቢ ቢል የሚያጣው ነገር አለ። እንዲህ ባለው ቦታ ሌላኛው ወገን ራሱ ካላነሣው አይነሣ፤ ሲያነሣውም ከሥራው ሰዓትና ቦታ ውጭ ይሁን። ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ጋር ወላጅ ሳያውቅ አይሆንም። እርዳታ ከእምነት ጋር አይታሰር፤ ብድር ሰጥታችሁ በዚያው ሳምንት ኅብረት ጋብዛችሁ ከሆነ፣ ሳታስቡት አስራችሁታል። እምነቱን ቢቀይር ከቤተሰቡ ጉዳት ሊደርስበት የሚችል ሰው ከሆነ ደግሞ ለማን፣ መቼ እንደሚናገር የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ፣ ስሙን በምስክርነት መድረክ መጥራት ሰውን ለአደጋ መስጠት ነው።

ሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ክርስቲያንን ወደ ራስ ማኅበር መሳብም በዚህ ርዕስ ሥር አይገባም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ክር ላይ እንዳትከፍቱት።

ኒቆዲሞስ_በሌሊት ጻፈ፦

«አልፈልግም» ያለ ሰውስ? ይህ ጥያቄ አልተመለሰም።

ጨው_በልክ ጻፈ፦

ማርቆስ 10 ላይ ባለጠጋው እያዘነ ሲሄድ ኢየሱስ ተከትሎት አልሮጠም፤ ዋጋውንም አልቀነሰለትም። ከዚያ በፊት ግን «ወደ እርሱ ተመልክቶ ወደደው» ይላል። የእግር ትቢያ ማራገፍን ለወዳጅ የሚጠቅስ ሰው ቦታውን ስቷል፤ ያ ለመልእክተኞች፣ ስላልተቀበላቸው ቤትና ከተማ የተሰጠ ትእዛዝ ነው።

በተግባር፦ «እሺ፣ ገባኝ። ከእንግዲህ እኔ አላነሣውም፤ አንተ ካነሣኸው ግን ደስ ይለኛል። ቅዳሜ እንደተባባልነው ነን አይደል?» እና ቅዳሜ ሂዱ። የዚያች ቅዳሜ መገኘት ከምስክርነቱ እኩል ይናገራል፤ ከቀራችሁ የኒቆዲሞስ የመጀመሪያ ጥርጣሬ ትክክል ነበር ማለት ነው። ቃላችሁንም ጠብቁ፤ በየወሩ በቀልድ መልክ መንካት ቃል ማፍረስ ነው።

ኒቆዲሞስ፣ የብዕር ስሙን የያዝከው ሰው ራሱ ሦስት ጊዜ ነው የሚታየው። ዮሐንስ 3 ላይ በሌሊት ይጠይቃል፤ ምዕራፍ 7 ላይ በሸንጎ ለዘብ ያለ መከራከሪያ ያነሣል፤ ምዕራፍ 19 ላይ ቅመም ተሸክሞ በግልጽ ለቀብር ይመጣል። በመካከሉ ማን ምን እንዳለው አልተጻፈም።

ኒቆዲሞስ_በሌሊት ጻፈ፦

ይሄኛውን ወድጄዋለሁ 🙂

ሩት_ቃርሚያ ጻፈች፦

ቤተሰብ ላይ ግን ይሄ ሁሉ ይገለበጣል። 200 ሰዓቱ ድሮ አልፏል፤ ድካማችሁን ሁሉ ያውቁታል፤ የምስክርነታችሁን «በፊት» የሚለውን ክፍል እነሱ ከእናንተ በተሻለ ይተርኩታል። የኢየሱስ ወንድሞች እንኳ አላመኑበትም ነበር (ዮሐ 7፥5)፤ ወንድሙ ያዕቆብ ከአማኞች ጋር የተቆጠረው ከትንሣኤ በኋላ ነው። 1 ጴጥሮስ 3፥1 ላይ ያላመነ ባል ላላት ሚስት የተመከረው ባሏን «ያለ ቃል» እንድትማርከው ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ንግግሩን በግማሽ ቀንሱ፣ ይቅርታ መጠየቁን በእጥፍ ጨምሩ። «ትናንት የጮህኩብሽ ልክ አልነበረም» የሚል አማኝ ብዙ ቤት አይገኝም።

በርናባስ_ሁለተኛው ጻፈ፦

እሺ ላለውም ሰው አንድ ቃል። ሲያምን ሁለት ስህተት ይከተላል። አንደኛው፣ ወዳጁ «ተልእኮው ተፈጸመ» ብሎ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። በሳምንት 2 ሰዓት የነበረው ዜሮ ሲሆን አዲሱ አማኝ ምን እንደነበረ ይገባዋል። ቢያንስ አንድ ዓመት ያው ሰዓት ይቀጥል። ሁለተኛው፣ በሳምንት አምስት ፕሮግራም ጭነውበት ከቀድሞ ጓደኞቹ ይነጥሉታል። በጌርጌሴኖን አገር ኢየሱስ ከአጋንንት ነፃ ያወጣው ሰው አብሮ ልሂድ ብሎ ለምኖ ነበር፤ የተባለው ወደ ቤትህ፣ ወደ ዘመዶችህ ሂድ ነው (ማር 5፥19)። ሁለተኛው ኦይኮስ እዚያ ነው ያለው።

ወደ ጉባኤ ከመውሰዳችሁ በፊት ደግሞ ሦስት ወይም አራት አማኞችን በየተራ፣ ቤት ውስጥ ይወቅ። ሁለት መቶ የማያውቀው ሰው መካከል ከሚገባ አራት የሚያውቀው ፊት ቢጠብቀው ይሻላል። መቼ እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚቀመጡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጥያቄ_አለኝ ጻፈ፦

ሁሉንም ገልብጫለሁ፣ ጋሼ። የመጨረሻ ጥያቄ ለየጉድጓድ_ዳር፦ ስድስተኛው ንባብ ለምን ቁጥር 8 ላይ ይቆማል? ሴቶቹ ፈርተው ለማንም አልተናገሩም ብሎ? ሰው በዚህ ይጨርስ?

የጉድጓድ_ዳር ጻፈች፦

ሁለት ምክንያት አለ። ሲናይቲከስና ቫቲካነስ የሚባሉት ጥንታዊ የግሪክ ቅጂዎች ማርቆስን የሚጨርሱት ቁጥር 8 ላይ ነው፤ ከ9 እስከ 20 ያለውን አንዳንድ ትርጉሞች በቅንፍ ወይም በግርጌ ማስታወሻ ለይተው ያስቀምጡታል። ወዳጅህ ማስታወሻውን አይቶ ከጠየቀ በሐቅ ንገረው፤ አትሸፋፍን፣ ትንሣኤው ራሱ ቁጥር 6 ላይ ተነግሯል። ሁለተኛው ምክንያት ቁጥር 8 በር ከፍቶ ስለሚተው ነው። «እሺ፣ ዝም ካሉ ይሄ ታሪክ እንዴት እኛ ጋ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ወረቀቱ ላይ ከታች አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተወውለትና የሚመስለውን ይጻፍበት።